ለመለዋወጫና ለሞልድ ሥራ ባለ 5 አክሲስ ሲኤንሲ ፍሬዛ ወይስ ባለ 3 አክሲስ ከሮታሪ ጋር?

ጥያቄ፦ ማሽን ሾፕ ቃሊቲ

ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ አካባቢ ለፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚሠራ ማሽን ሾፕ አለን። አብዛኛው ሥራችን የፓምፕ ኢምፔለር፣ የጠርሙስ ክዳን ሞልድ፣ የማሸጊያ ማሽን ካምና በተለያየ ማዕዘን የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉት የሃይድሮሊክ ብሎክ ነው። ያለን ቶርኖ፣ በእጅ የሚሠራ ፍሬዛና አንድ ባለ 3 አክሲስ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራና በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ፍሬዛ) ሲሆን፣ ብሎኩን ለመጨረስ ከሞርሳው ላይ ደጋግመን እየፈታን ስለምናስር ጊዜያችን ከመቁረጡ ይልቅ በማስተካከሉ ያልቃል፤ በተፈታ ቁጥርም ልኩ በጥቂቱ ይሸሻል። ሦስት አማራጮች ቀርበውልናል፦ አዲስ ባለ 3 አክሲስ ሥራውን ከሚያዞር ሮታሪ ጠረጴዛ ጋር፣ አዲስ የታይዋን ባለ 5 አክሲስ፣ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ የጃፓን ባለ 5 አክሲስ። የትኛውን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሞልድ ሠሪ

ሥራዎን በሁለት ቢከፍሉት ጥያቄው ይቀልልዎታል። የሃይድሮሊክ ብሎክ ጠረጴዛው ወደሚፈለገው ማዕዘን ዞሮ ከተቆለፈ በኋላ በተለመደው የ3 አክሲስ ፕሮግራም ይበሳል፤ ይህ 3+2 የሚባለው አሠራር ነው። ክንፉ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ክፍት ኢምፔለር ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስቱም አክሲሶች በአንድ ጊዜ እንዲንቀሳቀሱ ይጠይቃል። ከወር ገቢዎ ምን ያህሉ ከየትኛው እንደሚመጣ ሳያሰሉ ዋጋ ማወዳደር አይጠቅምም።

ለሞልድ ሥራ የ3+2 ትልቁ ጥቅም መቁረጫውን ማሳጠሩ ነው። ጥልቅ ግድግዳ በ3 አክሲስ ሲቆረጥ መቁረጫው ከሆልደሩ ብዙ መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን በዚያው ኃይል የሚታጠፈው መጠን 8 እጥፍ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የምናየው የንዝረት ምልክት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሥራውን አዘንብለው በአጭር መቁረጫ ከሠሩት ፊዱን (መቁረጫው ወደ ፊት የሚሄድበትን ፍጥነት) መጨመር ይችላሉ፣ በእጅ የማለስለሱም ድካም ይቀንስልዎታል። ጫፉ ክብ የሆነው ቦል ኖዝ መቁረጫም ቢሆን ጫፉ ላይ የመቁረጥ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ብረቱን ያሸዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ጥቂት ዲግሪ ሲዘነብል ግን በጎኑ ይቆርጣል። በዚህ ምክንያት እኔ አዲሱን ባለ 5 አክሲስ እመርጣለሁ።

መልስ፦ የጥገና ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አልቸኩልም። ካም የአራተኛ አክሲስ ሥራ ነው፤ ገቢያችሁ በአብዛኛው ከካም ከሆነ ጥሩ ፍሬን ያለው ሮታሪ በቂያችሁ ነው። አምስተኛው አክሲስ ሲጨመር አብሮት የሚመጣው የማዕዘን ስህተት ነው፤ 10 የአርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ስህተት ከመሽከርከሪያው መሃል 200 ሚሊ ሜትር ርቆ ባለ ቀዳዳ ላይ ወደ 10 ማይክሮን ይደርሳል። የመሽከርከሪያው መሃል ራሱም በሙቀትና በግጭት ከቦታው ስለሚሸሽ፣ በፕሮብ (በመንካት በሚለካ መሣሪያ) እና በመለኪያ ሉል በየጊዜው ተለክቶ ማሽኑን በሚመራው ኮንትሮል ውስጥ መስተካከል አለበት። ስለዚህ ፕሮብ የሌለው ባለ 5 አክሲስ በማንኛውም ዋጋ አትግዙ።

ኮንትሮሉን በተመለከተ፣ የመቁረጫው ጫፍ አክሲሶቹ በሚሽከረከሩበት ጊዜ ቦታውን እንዲጠብቅ የሚያደርገው ተግባር በፋኑክ ጂ 43.4፣ በሲመንስ ትራኦሪ፣ በሃይደንሃይን ኤም 128 ይባላል። ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የሚከፈልበት አማራጭ ስለሆነ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ በግልጽ ይጻፍላችሁ። ትራኒየን (በሁለት ጎን ተይዞ የሚዘነብል) ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ የሚሸከመውን ክብደት ብቻ አትዩ፤ ጠረጴዛው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ረጅም ድሪል ታስሮ ብሎኩ በ90 ዲግሪ ሲዘነብል የዜድ (ወደ ላይና ወደ ታች) ርቀት ይተርፋችሁ እንደሆነ በሥዕል አረጋግጡ።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ክፍል

ያገለገለውን ማሽን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አምስት አክሲስ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱ ትክክለኛ ማሽኖች ለጦር መሣሪያም ሊውሉ የሚችሉ ዕቃዎችን በሚመለከተው የዋሴናር ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የወጪ ንግድ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው፤ በዚህም የተነሳ አንዳንድ የጃፓን አምራቾች ማሽኑ ከተተከለበት ሲነቀል የሚያውቅና የሚቆልፈው መሣሪያ ይገጥማሉ። አምራቹ አዲሱን ቦታና ተጠቃሚ አረጋግጦ ካልከፈተው ማሽኑ አይሠራም። ስለዚህ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት የአምራቹን የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ። ሁለተኛው የኢንኮደሩ (የአክሲሱን ቦታ የሚለካው መሣሪያ) ባትሪ ነው፤ ማሽኑ መጋዘን ወይም መርከብ ላይ ቆይቶ ባትሪው ካለቀ የአክሲሶቹ መነሻ ነጥብ ይጠፋል፣ በ5 አክሲስ ላይ እሱን መመለስ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ባትሪው የሚለወጠው ማሽኑ እንደበራ ነው።

አዲስም ይሁን አሮጌ የከፍታውን ነገር አትርሱ። ሞተር በመደበኛው ስሌት የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ሲሆን እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ መቁረጫውን የሚያሽከረክረው የስፒንድል ሞተርና ሞተሩን የሚቆጣጠረው ድራይቭ የሚቀዘቅዙት በዝግታ ነው፤ ኮምፕረሰሩም የሚሰጠው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ሻጩ የከፍታ ቅናሹን አስልቶ እንዲያቀርብ ጠይቁት፤ ኮምፕረሰሩን ከነማድረቂያው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ግዙ። ስታቢላይዘርም የግድ ነው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያዘነበለው ጠረጴዛ እንዳይወርድ የሚይዘው ፍሬን መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ።

ጠያቂው፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሂሳቡን ስናየው ከገቢያችን የሚበልጠው ከብሎክና ከሞልድ የሚመጣ ነው፤ ክፍት ኢምፔለር በዓመት ጥቂት ነው የሚታዘዘን። ስለዚህ አዲስ ባለ 5 አክሲስ ገዝተን ለጊዜው በ3+2 ብቻ ብንሠራበት ምን የሚጎድለን ነገር አለ?

መልስ፦ ሞልድ ሠሪ

ከማሽኑ በኩል የሚጎድል የለም፤ አደጋው ያለው ፕሮግራሙን ለማሽኑ ወደሚስማማ ኮድ በሚለውጠው ፖስት ፕሮሰሰር ላይ ነው። የካም (CAM) ሶፍትዌሩ፣ ማለትም የመቁረጫውን መንገድ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ የሚያወጣው ኮድ ከማሽኑ አክሲሶች አቀማመጥና ከኮንትሮሉ ጋር ካልተስማማ ስፒንድሉ ጠረጴዛውን ይመታል። ፖስቱ ለዚያው ሞዴል ተዘጋጅቶና ተፈትኖ በውሉ ውስጥ ይግባ። ከርክክቡ በፊት ደግሞ ከራሳችሁ ብሎኮች በጣም ያስቸገራችሁን አንዱን ከነብረቱ ለሻጩ ስጡትና፣ በአንድ ጊዜ አስሮ በፊታችሁ ይሥራው። ከዚያም ቀዳዳዎቹን ከሥዕሉ ጋር በራሳችሁ መለኪያ አነጻጽሩ።