ለጥር እረፍት ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው፤ በትንሽ ብር እንዴት ይቻላል?

የጉለሌዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባሌ ተራሮችን ልናይ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆቻችን፣ እናቴ፣ እንዲሁም ለእረፍት ከዱባይ የምትመጣ ታናሽ እህቴ ነን። በድምሩ ስድስት ሰው። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ግፊት አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ያለን ጊዜ መንገዱን ጨምሮ አምስት ቀን ብቻ ነው። መኪና የለንም።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠይቀን ነበር። ፎር ዊል ለአምስቱም ቀን፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ ሁሉንም ጠቅልሎ የነገረን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነው። በራሳችን ብንሄድስ? በምን እንሂድ፣ የት እንደር? ሶፍ ዑመር ዋሻ አብሮ ይያዛል ወይስ ይከብዳል? ልጆቹ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ካላየን አንመለስም ብለዋል። እናቴ ከፍታውንና ብርዱን ትችለዋለች ወይ የሚለውም ያሳስበኛል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሮቤ ልጅ

እህቴ፣ አገራችንን ልታዩ በማሰባችሁ ደስ ብሎኛል። ጥር ጥሩ ጊዜ ነው። ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ እሱን አትናቁት።

ዋጋውን የሰቀለባችሁ መኪናው ነው። ፎር ዊል የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሳነቴ ወደሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ለምትወጡበት ቀን። ከአዲስ አበባ ሮቤ ድረስ አስፋልት ነው። ስለዚህ በሕዝብ አውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ኑ። ወደ ሮቤ የሚመጣ መኪና ሁሉ ዲንሾን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። እዚያ ውረዱ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከከተማዋ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው። የመግቢያውን የምትከፍሉትም፣ አስጎብኚ የምትይዙትም እዚያው ነው።

የመጀመሪያውን ቀን መንገዱ ይበላዋል፣ ዲንሾ እደሩ። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ማረፊያ አለ፤ ቀደም ብላችሁ ደውሉና ያዙ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ ያለውን ጫካ በእግር ዙሩት። ኮሶ ዛፉ፣ ጽዱ፣ ከሥሩ የሚግጠው የደጋ አጋዘን። 10 ሳንቲም ላይ ያለው ያ ቀንዳሙ ነው። ሰው ስለለመደ አይደነብርም፤ እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያዩት ይችላሉ። ጋይሳይ የሚባለው ሜዳም ቅርብ ነው፤ ከርከሮውም አጋዘኑም በመንጋ አለ። ከሰዓት በኋላ ጎባ ግቡና እደሩ። ሦስተኛውን ቀን ለሳነቴና ከሱ በታች ላለው ለሐረና ደን ስጡት። መኪናውን ከጎባ ወይም ከሮቤ ለዚያች ቀን ብቻ ኮንትራት ያዙ።

አራተኛውን ቀን ባዶ ተዉት። ከደከማችሁ ጎባ እረፉ፣ የሮቤን ገበያ እዩ። ቀበሮዋን ካላያችኋት ደግሞ ጠዋት ተመልሳችሁ ሳነቴ ትወጣላችሁ። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት።

ሶፍ ዑመር? በዚህ ጉዞ አትያዙት ባይ ነኝ። ምክንያቱን ከፈለግሽ እጽፋለሁ።

አስጎብኚና ፈረስ የሚከፈለው በቀን ነው። የአስጎብኚው ክፍያ በቡድን ስለሆነ ስድስት ሆናችሁ መምጣታችሁ ጠቅሟችኋል። ሁሉንም ደረሰኝ ጠይቁ። መታወቂያ አትርሱ፤ ለኢትዮጵያዊ የመግቢያው ዋጋ ከውጭ አገር ሰው በጣም ያነሰ ነው። እህትሽም ፓስፖርቷን ትያዝ።

ጡረተኛ ሾፌር

ልጄ፣ የሮቤው ልጅ ጥሩ ነግሮሻል። እኔ መንገዱን ልጨምርልሽ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ ነው። ሌላው በሻሸመኔና በኮፈሌ ዞሮ ዶዶላ ላይ ይገናኛል። እኔ የአሰላውን እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ የአርሲ ስንዴና ገብስ ማሳ ዓይን ያጠግባል፣ በቆጂ ላይ ቡና ይጠጣል። ለልጆቹ ደራርቱም ቀነኒሳም ጥሩነሽም ከዚህች ከተማ ነው የወጡት ብለሽ አሳያቸው። ዲንሾ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ ውጡ፣ ሳይመሽ ግቡ። በማታ አትጓዙ፤ ከብቱም ጋሪውም መንገድ ላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት መንገዱ እንዴት እንደሆነ እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ለሳነቴ መኪና ስትይዙ ወንበሩን ቁጠሩ። እናንተ ስድስት፣ አስጎብኚው ሰባት፣ ሾፌሩ ስምንት። ከኋላ ወንበር ያለው ላንድክሩዘር ካልሆነ አትበቁም። ዋጋ ስትነጋገሩ ደግሞ “ሳነቴ” ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ነዳጁ በማን ነው? ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ ይወጣል? ሐረና ውስጥ ሪራ መንደር ድረስ ይወርዳል? ስንት ሰዓት ይነሳል? ይህን ሁሉ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ከቻላችሁ በወረቀት አድርጉት። ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁልጊዜ “ሪራ አልተባለም” ሲባል ነው። ነዳጁንም በዋዜማው ይሙላ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከቆማችሁ የቀበሮዋ ሰዓት ያልፋል።

ሾፌሩን በሳነቴ ላይ ቀስ በል በሉት። ሜዳ ነው ብሎ የሚበር አለ። መንገዱ በቀበሮዎቹ መኖሪያ መሃል ነው የሚያልፈው።

የወሊሶው

እኔ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። አምስት ቀን፣ ሁለት ልጅ፣ እናት፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። ወንጪን ለምን አታስቡም? ከአዲስ አበባ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ነው። ተራራው አፍ ላይ ቆማችሁ ሐይቁን ቁልቁል ታያላችሁ፤ በፈረስ ወርዳችሁ በጀልባ ገዳሙ ወዳለበት ደሴት ትሻገራላችሁ። በሁለት ቀን ያልቃል፣ ብሩም ይተርፋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል።

የጉለሌዋ

የወሊሶው ወንድሜ፣ ወንጪ በሚያዝያ በዝርዝራችን ላይ አለ። አሁን ግን ቀበሮዋ አሸንፋለች!

ነርሷ

ስለ እናትሽ ላውራ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከእናንተ መካከል አምስታችሁ ግማሹን መንገድ ለምዳችሁታል። እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ ከዱባይ የምትመጣው እህትሽ ናት። ከባሕር ጠለል ላይ ተነስታ ነው የምትመጣው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር። ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ትቆይና ከእናንተ ጋር ትውጣ። ቦሌ አርፋ በማግስቱ ባሌ እንዳትሉ።

የሮቤው ልጅ ሳነቴን ሦስተኛ ቀን ላይ ማድረጉን ወድጄዋለሁ። ሰውነት ለመላመድ ጊዜ ያገኛል። ማደሪያው ጎባ መሆኑም ጥሩ ነው፤ ጎባ ከዲንሾ ዝቅ ይላል።

ሳነቴ ላይ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ልጆቹ እንዳይሮጡ። ውኃ ጠጡ። ቀላል ራስ ምታት የተለመደ ነው። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ወይም አንዱ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ወዲያው ውረዱ። “ትንሽ አርፌ ይሻለኛል” አይሠራም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

እናትሽ የግፊት መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ የሚሄዱበትን ከፍታም በቁጥር ይንገሩት። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ከመኪናው ባይወርዱም ሁሉም ነገር ከመስኮቱ ይታያል።

ባዮሎጂ መምህር

የልጆቹን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የምወደው ነገር ስለሆነ ትንሽ ላርዝም።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረችው ወደ 500 ገደማ ናት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሳነቴ ላይ ጠዋት ከወጣችሁ የማየት እድላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ቀበሮዋ የምትኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ብርድ ስለማይወድ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነው ብቅ የሚለው። እሷም ሰዓቱን ታውቃለች። ስለዚህ ጎባን 12 ሰዓት ላይ ልቀቁ፣ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ያለውን ጊዜ እዚያ ላይ አሳልፉ።

መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ጅብራዎቹ (ረጃጅሞቹ ተክሎች) መሃል ያለውን ሜዳ በዓይናችሁ ጥረጉት። ቀይ ሰውነት፣ ነጭ አንገት፣ ጫፉ ጥቁር ጭራ። ስታድን ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንድ እግሯን አንስታ ትቆያለች፣ ጆሮዋ ወደ ጉድጓዱ ነው። ከዚያ ድንገት ትዘላለች። የሚገርመው በመንጋ ትኖራለች፤ አደኑን ግን ለብቻዋ ነው።

ልጆቹ ፍልፈሉንም ይፈልጉት። በባሌ ብቻ የሚገኝ ትልቅ ፍልፈል ነው፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ይግጣል፣ ኮሽ ሲል ይሰወራል። አጠገቡ የምታንጎራጉር ትንሽ ቡናማ ወፍ ካያችሁ እሷ ላይ አተኩሩ፤ አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ እሱም ይገባል።

አደራ ሁለት ነገር። ምግብ አትጣሉላቸው። ቡችሎች የሚወለዱት ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ በጥር ጉድጓድ አካባቢ ልታገኟቸው ትችላላችሁ፤ አስጎብኚው ራቁ ካለ ራቁ። ቀበሮዎቹን እየጨረሰ ያለው አንዱ ነገር ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ በጉዞው ውሻ ማስከተል ጨርሶ አይታሰብም። ቦታው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንደዚያው እንያዘው።

የጉለሌዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ ሾፌር፣ የወንበሩን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ሦስት ነገር ቀረኝ። ሶፍ ዑመር ለምን ይቅር? አውሮፕላንስ አያዋጣም? እናቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ ምግብ እንዴት ነው?

የሮቤ ልጅ

ሶፍ ዑመር ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ሲሆን ሙሉ ቀን ነው። ሌላ የመኪና ኪራይ ማለትም ነው። ቦታው ቆላ ነው፣ ይሞቃል። ዋሻውን የወይብ ወንዝ ነው የሰራው፤ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው፣ ውስጡ የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። ለሙስሊሙ ደግሞ ሼህ ሶፍ ዑመር የተጠለሉበት የተከበረ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ተሯሩጦ አይታይም። በሳነቴ ማግስት እናትሽን ያን ያህል መንገድ ማስኬድ ይከብዳል። ስድስት ወይም ሰባት ቀን ብታገኙ ግን ሂዱ፣ ባትሪና የማያንሸራትት ጫማ ይዛችሁ።

አውሮፕላን ሮቤ ድረስ አለ። የበረራውን ቀን በአየር መንገዱ መተግበሪያ ላይ እዩ። ግን ለስድስት ሰው ተደምሮ ከአውቶቡስ ጋር አይወዳደርም። እናትሽና አንድ ሰው በአውሮፕላን፣ ሌሎቻችሁ በመኪና ብትሉ ግን ያስኬዳል። ያኔ እነሱ ሮቤ ስለሚያርፉ ወይ ዲንሾ በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ወይ ጎባ ላይ ይጠብቋችኋል።

ምግብ ጎባና ሮቤ ሞልቷል፣ የጾሙንም ጨምሮ። ዲንሾ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ሳነቴ ላይ ደግሞ ምንም አይሸጥም። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ ሻይ በፔርሙዝ ያዙ። ጾም ላልሆነ ቀን ጭኮ ከገበያ ግዙ፤ ገብሱ በቅቤ የታሸ ስለሆነ ብርድ ላይ ያቆያል። ሪራ ስትደርሱ የሐረናን ማርና የጫካ ቡና ከባለቤቶቹ እጅ መግዛት ትችላላችሁ። ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሪራ ስትወርዱ ብርዱ ከኋላ ይቀራል፤ አስታው፣ ቀርከሃው፣ ከዚያ ጭጋግ የለበሰው ደን ይከተላል። እናትሽ ከሁሉ ይህን ይወዱታል ብዬ አስባለሁ።

ጥሬ ብር ያዙ። ባለፈረሱም ማር ሻጩም ቴሌብር ላይኖረው ይችላል፣ ኔትወርኩም አይታመንም።

የጉለሌዋ

ስለዚህ ሶፍ ዑመር ለሌላ ጊዜ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የ9 ዓመቱ ልጄ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዲንሾ ላይ ይችለዋል? ልብስስ?

የሮቤ ልጅ

ይችላል። የእኛ ፈረሶች ተራራ የለመዱ ናቸው። ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ አብሮ ይሄዳል፤ ስትስማሙ “ሳቢ አለው ወይ” ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ እርካቡን ለእግሩ ያሳጥሩለት፤ የትልቅ ሰው እርካብ ላይ ልጅ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከመውጣቱ በፊት “አካም” ብሎ ባለፈረሱን ሰላም ይበል፣ ሲወርድ “ገለቶማ” ይበል፤ እንደራሳቸው ልጅ ነው የሚይዙት።

ልብስ ደራርቡ፤ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አይበቃም፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላልና መቀነስ መቻል አለባችሁ። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ለእናትሽ ጋቢም ቡሉኮም ይያዝላቸው። ዲንሾ ማረፊያው ስትደውሉ ለምድጃው እንጨት መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ አመሻሹ ላይ እንዲያነዱላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።