የስታርች ጆንያዎቼ ገና ክረምቱ ሳይጠና መጓጎል ጀመሩ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከቢሾፍቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እርጎ እያዘጋጀሁ ለሱቆችና ለካፌዎች የማቀርብ አነስተኛ አምራች ነኝ። እርጎው ውኃ እንዳይለቅ የተሻሻለ የበቆሎ ስታርች፣ ማለትም ከበቆሎ የሚወጣ ነጭ ማወፈሪያ ዱቄት፣ እጨምርበታለሁ። ጆንያው ላይ «ለምግብ» ተብሎ «ኢ 1442» የሚል የምግብ ጭማሪ መለያ ቁጥር ተጽፎበታል። ዋጋው ሳይጨምር ብዬ 25 ኪሎ የሚመዝኑ 40 ጆንያዎችን በአንድ ጊዜ ገዛሁ። ያለችኝ ክፍል 4 በ5 ሜትር፣ ከፍታዋ 3 ሜትር፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ ነው። ጆንያዎቹን በወለሉ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ ደረደርኳቸው። ትናንት ከታች ያሉትን ሦስቱን ስናነሳ ጓጉለው አገኘናቸው። ገና ሰኔ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ምን ሊሆን ነው?

ሌላም አለ። የሚያግዘኝ ልጅ ጆንያ ሲገለብጥ ክፍሉ ጉም የገባበት ይመስላል፤ ልጁም ያስለዋል። ማታ ማታ ወለሉንና መደርደሪያውን በኮምፕሬሰር አየር እየነፋ ያጸዳል። ዱቄቱ መርዝነት አለው? የጓጎለውንስ ልጣለው ወይስ በወንፊት ነፍቼ ልጠቀምበት?

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ዱቄት ሲርስብኝ ሸራ ላይ አስጥቼ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ አስቀምጣለሁ። እርጥበቱ ይወጣል።

መልስ፣ በምግብ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ፦

ከላይ ያለው ምክር በቅን ልብ የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እባክዎ አይከተሉት። ስታርች እንደ እህል አይሰጣም። ነፋስ ይወስደዋል፣ አቧራና ዝንብ ይገባበታል፣ ማታ ደግሞ እርጥበቱን መልሶ ይስባል። የከሰሉ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ዱቄት በሚቦንበት ቤት እሳት ማስገባት ስለሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ሌሎች እንደሚጽፉ ተስፋ አደርጋለሁ።

መርዝነት የለውም። ኢ 1442 የሚባለው በእርጎና በመሰል ምግቦች ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደ ነው። የተሻሻለበትም ምክንያት አለው፤ ከተራ ስታርች የተሠራ ገንፎ ሲያድር ይጠጥራል፣ ውኃም ይለቃል፤ ይህኛው ግን ብርድንና ማማሰልን ይችላል። ስለዚህ ልጁን የሚያስለው መርዝ ሳይሆን የብናኙ ደቃቅነት ነው። የበቆሎ ስታርች ቅንጣት በአማካይ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይንን ይቆረቁራል፣ ጉሮሮን ያደርቃል፣ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ በጣም ያስጨንቀዋል። ኤን 95 የተባለውን ጭንብልና የዓይን መከላከያ መነጽር ይግዙለት። ከዚያ በፊት ግን አገለባበጡን ያስተካክሉ። ጆንያውን ከትከሻ ላይ አያፍስሰው፤ አፉን ወደ በርሜሉ ውስጥ አስገብቶ በዝግታ ያንሸራትተው። ስታርቹን ከስኳሩ ጋር በደረቁ ቀላቅላችሁ ወደ ወተቱ ብትጨምሩት በወተቱ ውስጥ አይጓጉልም። ጆንያ በሚፈላ ድስት አጠገብ አትክፈቱ፤ እንፋሎቱ ገብቶ ያበላሸዋል።

ስለ ጓጎለው፦ ቁራሹ በጣት ሲነካ የሚፈርስ፣ ነጭነቱ ያልተለወጠና ሽታ የሌለው ከሆነ ተስፋ አለው። 5 ግራም መዝነው በ130 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያድርቁትና እንደገና ይመዝኑት። ለተሻሻለ የእህል ስታርች የተፈቀደው የእርጥበት መጠን እስከ 15 በመቶ ስለሆነ የጎደለው ከ0.75 ግራም መብለጥ የለበትም። ከዚያ በታች ከሆነ ነፍተው ቀድመው ይጠቀሙበት። ነጠብጣብ ካለበት ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ ግን መንፋት አያድነውም፤ ጆንያውን በሙሉ ያስወግዱ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፣ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ድሩን ስታርች በምናጠጣበት ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የጆንያሽ ጠላት ዝናቡ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሲሚንቶ ከታች እርጥበት ይስባል፣ ግድግዳውም እንደዚያው ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ያልባል። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ጠብ ጠብ ይላል። ዝናብ ያልዘነበ ቀን እንኳ ከላይ ያለው ጆንያ ረጥቦ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንጨት ርብራብ አሠሪና ጆንያዎቹን ከወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር አንሺያቸው። ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቂያቸው፤ አየር እንዲያልፍ፣ አይጥም እንዳይደበቅ፣ አንቺም በመካከል ገብተሽ እንድታዪ። ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ብታስመቺ የቆርቆሮው ላብ በጆንያው ላይ አያርፍም። ላስቲክ አልብሰሽ አትጠቅልያቸው፤ ያለውን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል። ከፍ አድርገሽም አትቆልይ፤ የታችኛው ጆንያ በክብደት ብቻ ይጠጥራል።

ከሁሉም በላይ ግን ሳሙና፣ ናፍጣና በርበሬ ከዚያ ክፍል ይውጡ። ስታርች ሽታ ይጠጣል። አንድ ጊዜ ከማጠቢያ ኬሚካል ጋር ያደረ ስታርች አይቼ አውቃለሁ፤ እኛ ለክር ነበር የምንጠቀምበት፣ አንቺ ግን ሰው ልታበዪበት ነው።

መልስ፣ ከኢሊኖይ፣ አሜሪካ፦

ሁሉም ስለ እርጥበት ጻፈ። እኔን ያስደነገጠኝ ኮምፕሬሰሩ ነው። በቆሎ ወደ ስታርች በሚለወጥበት ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከማሽኑ በፊት የተማርኩት ስለ ብናኝ ፍንዳታ ነው። እዚሁ ግዛት ውስጥ ፔኪን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 3 ቀን 1924 አንድ የስታርች ፋብሪካ ፈንድቶ 42 ሰዎች ሞተዋል። «ያ የድሮ ዘመን ፋብሪካ ነው» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2015 በታይዋን አንድ የመዝናኛ ሥፍራ ውስጥ በወጣቶች ላይ ሲረጭ የነበረ ቀለም የገባበት የበቆሎ ስታርች ተቀጣጥሎ 15 ሰዎችን ገድሏል፤ ወደ 500 የሚጠጉትን አቁስሏል። በዚያ ላይ የተዘጋ ቤት እንኳ አልነበረም።

ጆንያ ውስጥ ያለ ስታርች በክብሪት ቢነካ በቀላሉ አይነድም። አየር ላይ ሲቦን ግን እያንዳንዱ ቅንጣት በኦክስጅን ይከበባል፤ ብልጭታ ካገኘ በቅጽበት ይያያዛል። ለዚህ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ግራም ገደማ ይበቃል። የእርስዎ ክፍል 60 ሜትር ኩብ ነው። 3 ኪሎ ማለት ነው፤ ከአንድ ጆንያ አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም! በዚያ ላይ የመጀመሪያው ትንሽ ፍንዳታ በመደርደሪያና በጣሪያ እንጨት ላይ የተኛውን ብናኝ ያነሳዋል፤ ቤት የሚያፈርሰው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ በኮምፕሬሰር አይጸዳ። በደረቅ መጥረጊያም አያቡንኑት። እርጥብ ጨርቅ በቂ ነው፤ መሬቱን ከወለወላችሁ በኋላ አድርቁት፣ እርጥብ ስታርች ያንሸራትታል። ተራ የቤት ቫኪዩምም አይሆንም፤ ሞተሩ ራሱ ብልጭታ አለው። በክፍሉ ውስጥ ሲጋራ፣ ሻማና ብየዳ አይኑር፤ አምፑሉ ሽፋን ይኑረው። ስታርች የምታፈሱበት ብረት በርሜል ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ፤ ዱቄት ከላስቲክ በፍጥነት ሲፈስ የማይታይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። እሳት ከተነሳ ደግሞ ውኃ በኃይል አትድፉበት፤ ዱቄቱን ወደ አየር ያነሳዋል። በስሱ ይረጭ።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኢሊኖዩን ወንድሜን መልስ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ወተት የማፈላበት ቡታጋዝ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነው።

መልስ፣ ከኢሊኖይ፦

እህቴ፣ እርጥበቱን ለነገ ይተዉትና ቡታጋዙን ዛሬ ያውጡ። መጋረጃ ብናኝ አያግድም። ምድጃውን ለጊዜው በረንዳ ላይ እንኳ ቢሆን ያውጡት። ሲሊንደሩንም ጭምር።

ጠያቂ፣ ከአምስት ቀን በኋላ፦

ቡታጋዙ በዚያው ቀን ወጥቷል፤ ከጓሮ በኩል የማፍያ ዳስ ሠራን። ኮምፕሬሰሩን ለጎማ ቤት ሸጥኩት። ርብራቡ ተሠርቶ 37ቱ ጆንያዎች ተነሥተዋል፤ የተከፈተው የውስጥ ላስቲኩ ታስሮ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ገብቷል፤ የምርት ቁጥሩን ከጆንያው ቆርጬ በርሜሉ ላይ ለጥፌዋለሁ። ልጁ ጭንብል ያደርጋል፣ ሳሉም ቀንሶለታል።

ከጓጎሉት ሦስቱ የሁለቱ ጉድለት 0.66 እና 0.69 ግራም ሆነ። ሦስተኛው ግን ግድግዳ በነካበት በኩል ግራጫ ነጠብጣብ አለው፣ ይሸታልም። ልጥለው ስል ወተት የሚያቀርብልኝ ጎረቤቴ ለላሞቹ እንድሰጠው ለመነኝ። ከምጥለው ይሻላል ብዬ ነበር።

መልስ፣ የጥራት ተቆጣጣሪው፦

አይስጡት። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ፤ ላሟ ከበላችው ከፊሉ በሰውነቷ ተለውጦ ከወተቷ ጋር ይወጣል። ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ያ ወተት ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርስዎ እርጎ ነው። ጆንያውን እንዳይቦን በውኃ አርሰው ከጓሮ ይቅበሩት፤ ለጎረቤትዎም ምክንያቱን ይንገሩት፣ ከሌላ ሰው ደጅ ሻጋታ መኖ እንዳይቀበል።