ሳጥንህን ለምን ትቆልፋለህ?

አቡሽ፦ እሺ ወገን፣ የዛሬው መከራከሪያ ይሄ ነው። ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው? ከሆነስ ጠንካራ ገዢ ያስፈልገዋል? የዘመነ አብርሆት ፈላስፎችን፣ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያንን ማለቴ ነው፣ እየጠራችሁ ተናገሩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ይሁኑ። እኔ ከእንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ጎን ነኝ። መንግሥት በሌለበት የሰው ኑሮ ብቸኝነት የበዛበት፣ ድሃ፣ አስቀያሚ፣ አውሬያዊና አጭር ነው ይላል። ካላመንክ ይጠይቅሃል፦ ስትተኛ በርህን ለምን ትዘጋለህ? እቤትህ ውስጥ ሆነህስ ሳጥንህን ለምን ትቆልፋለህ? ይሄ እንግዲህ ሕግና ሹም ባለበት አገር ነው።

የገርጂው፦ እኔ የምቆልፈው ስኳር ነው። ልጆቼ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ስኳር ተወዶ ነው።

ሊሊ፦ ሃሃ፣ ሳታውቀው የሩሶን መልስ ሰጠህ። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ በ1755 ባሳተመው ድርሰቱ ሆብስን የሚወቅሰው በዚሁ ነው። ሆብስ ከተማ ውስጥ ያየውን፣ የሚሻማውንና የሚቀናናውን ሰው ወስዶ "ተፈጥሮ ነው" አለው። ሩሶ ግን ሰው መጀመሪያ ላይ ሌላው ሲሰቃይ ማየት የማይወድ ፍጡር ነበር ይላል። መዘዙ የመጣው አንዱ መሬት አጥሮ "ይህ የእኔ ነው" ሲልና የሚያምኑት የዋሆች ሲያገኝ ነው። መጀመሪያ አጥሩ፣ ከዚያ ሌባው።

አቡሽ፦ አጥር ከመኖሩ በፊት ሰው አይደባደብም ነበር? ተይ እንጂ ሊሊ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር እንኳ የሩሶን መጽሐፍ አንብቦ "በአራት እግር መሄድ ያሰኛል" ብሎ ነው የቀለደበት።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ሆብስን አሳነሳችሁት። አቡሽ፣ ሰውየው "ሰው ክፉ ነው" አላለም። ምኞት በራሱ ኃጢአት አይደለም ነው ያለው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ሰዎች በጉልበት ያን ያህል አይበላለጡም፤ ደካማውም ብርቱውን ተኝቶ ሳለ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ማንም ማንንም አያምንም። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ይላል። ደግ ሰው እንኳ ፈርቶ ጦር ያነሳል።

ደግሞ ይህን ሶፋ ላይ ተቀምጦ አላሰበውም። የተወለደው በ1588 ነው፣ የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወሩ መጡ በተባለበት ዓመት። እናቴ እኔንና ፍርሃትን መንታ ወለደች ብሎ ጽፏል። በ1640 የእንግሊዝ ንጉሥና የፓርላማው ጠብ ሲከር ወደ ፓሪስ ሸሸ። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። በ1649 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አንገቱ ተቀላ። መጽሐፉ የታተመው በ1651 ነው። ርእሱንም ከመጽሐፈ ኢዮብ ወስዶ "ሌዋታን" አለው፣ ሁሉ የሚፈራው ታላቁ አውሬ። ጦርነት ያላየ ሰው ሆብስን ሲያቃልል ደስ አይለኝም።

ሊሊ፦ ጋሼ፣ ፍርሃቱስ ይገባኛል። ያልተዋጠልኝ መድኃኒቱ ነው። ጎረቤቴን ስለፈራሁ የሰፈሩን ጦር በሙሉ ለአንድ ሰው ላስረክብ? ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ የሚያሾፈው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሸለምጥማጥና ቀበሮ እንዳይጎዱት ተጠንቅቆ፣ አንበሳ ሲበላው ግን ደህንነት ይመስለዋል? ይላል። ለሎክ መንግሥት አደራ ተቀባይ ነው። አደራውን ከበላ ይነሳል።

አቡሽ፦ ሎክን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር። ስለ ነጻነት የሚሰብከው ሰውዬ ባሪያ በሚነግደው ሮያል አፍሪካን ካምፓኒ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። በ1669 የወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ የነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የካሮላይና ሕገ መንግሥት ሲረቀቅም እጁ አለበት። እዚያ ላይ ነጻ ሰው በጥቁር ባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን አለው ተብሎ ተጽፏል። የማን ነጻነት ነው?

የገርጂው፦ ሩሶም አምስት ልጆቹን ማሳደጊያ ጥሎ ስለ ልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ጽፏል። ከእነዚህ ሰዎች ቤት ማደግ ነው የሚያስፈራው።

ሊሊ፦ የሎክን አልክድም፣ ያሳፍራል። ግን አቡሽ፣ የምትለው እኔን ነው የሚያግዘኝ። ስለ ነጻነት የጻፈው ሰው እንኳ ጥቅሙ ሲነካ ዓይኑን ከጨፈነ፣ ፈላጭ ቆራጭ የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ሆብስ እውነቱን ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ስስታምና ተጠራጣሪ ከሆነ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውም ሰው ነው። ከሰማይ አልወረደም። የሆብስን ሰው ተቀብዬ የሆብስን ንጉሥ አልቀበልም።

ሳሚ ከዲሲ፦ እዚህ አሜሪካ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች የያዙት ይሄንኑ ነው። ከእነሱ አንዱ ጄምስ ማዲሰን በ1788 "ሰዎች መላእክት ቢሆኑ መንግሥት ባላስፈለገ ነበር" ብሏል፤ ቀጥሎም መላእክት ቢገዙን ተቆጣጣሪ ባላስፈለገን ይላል። ሐሳቡን በብዛት የቀዱት ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከሞንተስኪዩ ነው። በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ሥልጣንን የሚያቆመው ሥልጣን ነው ይላል። በነገራችን ላይ እኛንም አንስቶናል። ኢትዮጵያ ሰፊና ሞቃት ሆና ሳለ ፍጹም አምባገነንነት ያልሰፈነባት በክርስትናዋ ምክንያት ነው ብሏል።

ጋሼ፦ እሱን ተወው። አገራችንን በእግሩ ሳይረግጥ ነው የጻፈው። የሞቃት አገር ሰው ፈሪና ሰነፍ ነው የሚለውም እሱ ራሱ ነው። ደጋውን ቢያየው ምን ይል ነበር?

አቡሽ፦ ሊሊ፣ የዙፋኑን ነገር ተቀበልኩሽ፣ ጎበዝ። ግን ሆብስ አንድ ነገር ይመልስልሻል። እንግሊዝን ያነደዳት ሥልጣን ለንጉሥና ለፓርላማ ተከፋፍሏል የሚለው እምነት ነው ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ማን ይዳኝ? ዳኛው ይዳኝ ካልሽ፣ ዳኛውን ማን ይስማ?

ሊሊ፦ ይሄ ከባድ ነው። ሎክም ምድር ላይ ዳኛ ሲጠፋ "ወደ ሰማይ አቤት ማለት" ነው የሚለው። ሲተረጎም ጦር ማንሳት ነው።

ጋሼ፦ ሆብስም ቢሆን በር ትቷል። ገዢው አንተን መጠበቅ ካቃተው፣ የመታዘዝ ግዴታህ እዚያው ያበቃል ይላል። ሊገድልህ ለመጣም እጅህን አጣጥፈህ ቁም አይልህም። አቡሽ እሷን ገጽ ዘለልካት መሰለኝ።

አቡሽ፦ አልዘለልኳትም፣ ለነገ ያቆየኋት ናት 😄

የገርጂው፦ እኔ አንድ ነገር ልናዘዝ። የስኳሩ ቁልፍ የሚያድረው እኔ ጋ ነው። ትናንት ማታ ሻዬ ላይ አራት ማንኪያ ጨመርኩ፣ ጠያቂ የለም።

ሊሊ፦ ሚስትህ ታውቃለች?

የገርጂው፦ ሁለተኛው ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ጠዋት ሳየው ስኳሩ ከተውኩትም ቀንሷል።