አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ጎማውን አንጠልጥሎ የሄደው ለምንድነው?

ዲሽ ሰቃዩ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ዲሽ መስቀል ነው። የካዛንቺስን፣ የለገሃርን፣ የስታዲየምን ጣሪያ ከባለቤቶቹ በላይ አውቀዋለሁ። ኢትዮሳትን ለመያዝ ሳህኑን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ትንሽ ወደ ደቡብ እመልሰዋለሁ። ያኔ ፊቴ ቦሌን ያያል። እና ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ሲነሳ አያለሁ። መሬት ከለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ጎማውን ሰብስቦ ይከታል። ይሄን ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስታዲየም ጀርባ አንድ ባለ 7 ፎቅ ላይ ነበርኩ። አንዱ ተነሳ። ጎማው አልገባም። አሁን ይገባል ብዬ ብጠብቅ፣ ወይ ፍንክች! ረዳቴ ከታች በስልክ «መጣ! ጠፋ! ኧረ ጠፋ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ሳህኑን ለቅቄ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ከዓይኔ እስኪርቅ ድረስ ጎማው እንደተንጠለጠለ ነበር። ማታ ዜና ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ረስተውት ነው? ተበላሽቶባቸው ነው? ወይስ ሆን ብለው?

የመገናኛ ልጅ፦
ረዳቱ ሳይገባ «ሳበው» ብሎ ነዋ።

ባለ መፍቻው፦
ቀልዱን ወድጄዋለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የአውሮፕላን ጎማና ፍሬን ስፈታ ስገጥም ኖሬ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደ ሲኖ አጠገብ ቆመህ ታውቃለህ? ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የጋለ ፍሬን ነው። አውሮፕላንም ያው ነው። ሲያርፍ ፍሬኑ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል። ደግሞ ቆሞም ሙቀቱ ለደቂቃዎች መጨመሩን አይተውም። መንገደኛ አውርዶ፣ ሌላ ጭኖ ቶሎ ከተመለሰ፣ ወደ ማኮብኮቢያው ሲሄድም ፍሬን ይይዛልና ሳይበርድ ይነሳል። ያንን ግለት ሆዱ ውስጥ ከትተህ መዝጋት ጥሩ አይደለም። እዚያ የሃይድሮሊክ ቱቦ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ስለዚህ ፓይለቱ ጥቂት ደቂቃ ንፋስ ያስመታዋል፣ ከዚያ ያጥፈዋል። ያየኸው ይሄ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር እየሮጠ የሚያርፍ አውሮፕላን፣ እዚህ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ እያሳየው አስፋልቱን የሚነካው ወደ 295 ገደማ እየሮጠ ነው። ፍጥነቱ በ13 በመቶ ሲጨምር ማቆሚያው የሚውጠው ጉልበት በ28 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ረጅሙ ማኮብኮቢያችን 3,800 ሜትር መሆኑና ሞተሩም ወደ ኋላ እየገፋ ማገዙ በጀን እንጂ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1963 ዙሪክ ላይ ካራቬል የሚባል የስዊስ አየር መንገድ (ስዊስኤር) አውሮፕላን ፓይለቶች ጭጋግ ለመበተን ሞተሩን አስጩኸው፣ በፍሬን እየያዙ ማኮብኮቢያው ላይ ሄዱ። ፍሬኑ ጋለ። ተነስተው ብዙም ሳይቆዩ በእሳቱ ምክንያት ወደቁ። 80 ሰው አለቀ።

ሌላው ምክንያት የእኛ የሜካኒኮች ጥፋት ነው። አውሮፕላን ሲቆም ጎማውን የያዘው እግሩ እንዳይታጠፍ ቀይ ሪባን ያለው ፒን ይሰካበታል። ሳይነቀል ከተነሳ እግሩ አይገባም፣ ተመልሶ ማረፍ ነው። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት አለቃዬ እጁን ዘርግቶ «ፒኖቹን አምጣ» አለኝ። ሦስት መሆን ነበረባቸው። ሁለት ሰጠሁት። ምንም አልተናገረኝም፣ ዝም ብሎ አውሮፕላኑን አየ። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ደግነቱ ገና ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር።

የመስኮት ወንበር፦
ጋሼ፣ አልታጠፍ ካለ ግን ምን ችግር አለው? ለማረፍ መቼም ጎማው መውረዱ አይቀርም። ዝም ብሎ ወደሚሄድበት አይሄድም?

ባለ መፍቻው፦
እሱን ያሰቡ አሉ፣ ልጄ። በፈረንጆቹ 2000 አንድ የጀርመን ኤርባስ ኤ310 ከግሪኳ ክሬታ ደሴት ወደ ሃኖቨር ተነሳ። እግሩ በደንብ አልታጠፍ አለ። ፓይለቶቹ ወደፊት ቀጠሉ። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ሲያሰላ የተንጠለጠለውን ጎማ አይቆጥርም። ጎማው ደግሞ ንፋሱን እየገፋ ነዳጁን ይጠጣዋል። ቪየና ሊያርፉ ሲሉ ሞተሮቹ ጠፉ፣ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርሱ ሣር ላይ ወረዱ። የሞተ የለም፣ ተመስገን። ጎማው ወርዶ የሚሄድ ካለ ፍጥነቱ የተገደበ ነው። ሩቅ መንገድ ላይ አይታሰብም።

የመገናኛ ልጅ፦
እሺ አሁን የምሬን ነው። ከታች ስናይ የአንዳንዱ ጎማ ከገባም በኋላ ይታያል። እሱስ ጋለ?

ባለ መፍቻው፦
እሱ ቦይንግ 737 ነው። ለዋናዎቹ ጎማዎች ሙሉ መዝጊያ የለውም። ታጥፈው ሲተኙ የውጭ ጎናቸው ሆዱ ላይ እንደ ሁለት ጥቁር ክብ ይታያል። ሲሠሩትም እንዲሁ ነው።

ዲሽ ሰቃዩ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ካዛንቺስ ጣሪያ ላይ ሆኜ ሁለቱን ጥቁር ክቦች በዓይኔ አየኋቸው። ለረዳቴ ብነግረው ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ ጣሪያ ወጣ። አሁን ሁለታችንም አንጋጠን «አስገባ! አስገባ!» እንላለን። ከታች ሆኖ «ሲግናል ጠፋ» የሚለን ሰው ግን የለም። ባለቤትየዋ ራሷ መጥታ ነገረችን።