የስፓኒሽ ትእዛዝ አላስኬድ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ስፓኒሽ በራሴ እየተማርኩ ነው፤ ትእዛዝ ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። ለ«አንተ» ሲሆን ከ«አብላር» (መናገር) «አብላ»፣ ከ«ኮሜር» (መብላት) «ኮሜ» ይወጣል። ግን «አብላ» እኮ «ይናገራል» ማለትም ነው! ታዲያ ተጽፎ ሳየው «ተናገር» መሆኑን በምን ልለየው? ለ«እርስዎ» ደግሞ አናባቢው ይገለበጥና «አብሌ»፣ «ኮማ» ይሆናል። ይሄን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሳወራ ግን አፌ ሁሌ ወደ «አንተ» ይሄድብኝና ትልቅ ሰው አንተ ብዬ እጠራለሁ፣ በጣም ያሳፍረኛል። ሌላው፣ «ግዛው» ለማለት «ኮምፕራሎ» ስጽፍ «ኮ» ላይ የጭረት ምልክት ያስፈልጋል ተባልኩ፤ «ኮምፕራ» ብቻውን ሲሆን ግን የለውም። ለምን? የምታውቁ አስረዱኝ፣ የምትለማመዱበት ዘዴ ካላችሁም ጀባ በሉኝ።