ካሜራዬ «ኢረር 01» ብሎ ሞተ፤ ለኮከብ ፎቶ በ1200 ድርሃም ምን ልግዛ? አስቸኳይ!

ኮከብ ቆጣሪው (ረቡዕ፣ ማታ 2፡15)
ሰላም ቤተሰቦች፣ አስቸኳይ ነው። ካሜራዬ ዛሬ ከሰዓት ሞተ። ስጫነው «ኢረር 01» ይላል። አጥፍቼ ስከፍተውም ያው ነው። እሁድ ሌሊት፣ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ፣ ለጀሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ላንጋኖ ልንወርድ ነው። መኪና ተከራይተናል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚጠብቀው ከእኔ ነው። አማቼ ዱባይ ነው፣ ዓርብ ሌሊት ይገባል። «የምገዛውን እስከ ነገ ንገረኝ» ብሎኛል። በጀቴ 1200 ድርሃም ነው። ከዚያ በላይ ቤት ውስጥ አያሳድረኝም። ፍኖተ ሐሊብ ከሐይቁ በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን ፎቶ ነው የምፈልገው። ካነን? ኒከን? ሶኒ? በናታችሁ ቶሎ።

ሳቅ በሳቅ (2፡18)
ኮከብ ቆጣሪ ሆነህ የገዛ ካሜራህ እንደሚሞት ኮከብህ አልነገረህም?

ሚሚ ሸተር (2፡24)
የሞተው የቱ ካሜራ ነው? ሌንሱስ? ስታንድ አለህ? እነዚህን ሳትነግረን «ምን ልግዛ» ማለት፣ ሐኪም ቤት ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ኮከብ ቆጣሪው (2፡27)
ይቅርታ እህቴ፣ ተደናግጬ ነው። ካነን 600ዲ፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ። ስታንድ አለ። ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር፣ አብርተው አጠፉና «ቦዲው (ካሜራው ራሱ፣ ያለ ሌንሱ) አልቋል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ።

ላጲስ (2፡30)
ሌንሱን ንቀለው። ከኋላው ያሉትን የወርቅ ነጥቦች በንጹሕ ላጲስ ጥረግ። ቦዲው ላይ ያሉትንም በደረቅ ጨርቅ። አለቀ።

ጋሽ ዜኒት (2፡51)
ልጄ፣ አትቸኩል። እኔ ፎቶ የጀመርኩት በሩሲያ ዜኒት ነው። በአንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነበር ያለን። አንዱን ስታባክን ሆድህን ይቆርጥሃል። የዛሬ ልጅ ካሜራ ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሜጋፒክስል ነው ብሎ ነው። ለኮከብ ሜጋፒክስል ምኑም አይደለም። ለእሱ ቁም ነገሩ ሌንስህ አፉን ምን ያህል ከፍቶ እንደጠበቀው ነው። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 3.5 አንድ ተኩል እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ከኤፍ 5.6 ደግሞ አራት እጥፍ። ስለዚህ ገንዘብ ካለህ ለሌንስ አውጣው፣ ቦዲ ያረጃል።

ሁለተኛው ፎከስ ነው። ሌንስ ላይ ያለችውን የተኛች ስምንት የምትመስል የሩቅ ፎከስ ምልክት ያመነ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሰኔ 2012 የቀለበት ግርዶሹ ላሊበላ ላይ በታየ ቀን እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በከፊል ነበር ያየሁት። አጠገቤ አንድ ጎረምሳ ክንድ የሚያክል ሌንስ ይዞ ቆሟል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አነሳ። ቤቱ ሲገባ አንዱም አልጠራም! አንተ ግን ላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን ማየቱን) ክፈት። ደማቅ ኮከብ ፈልግ፣ 10 ጊዜ አጉላው፣ የመርፌ ጫፍ እስኪያክል ድረስ ቀለበቱን በቀስታ አዙር። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፈው። ሌሊቱን ሙሉ እንዳትነካው።

ሳቅ በሳቅ (2፡53)
ጋሽዬ፣ ጥያቄው ምን ነበር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (3፡05)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ብሆን ተራ ካሜራ አልገዛም። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ፣ ሴንሰሩን (ብርሃኑን የሚቀበለውን ክፍል) የሚያቀዘቅዝ ካሜራ አለ፤ ለምሳሌ ኤኤስአይ 533። ሲቀዘቅዝ ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ ይቀንሳል። ተራ ካሜራ ላይ ፋብሪካው የሚገጥመው ማጣሪያ፣ ኔቡላዎች (የጠፈር ጋዝ ደመናዎች) የሚያወጡትን የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን (656 ናኖሜትር) አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ይኼ ግን አይቆርጠውም። ከኮከብ ተከታይ ማቆሚያ ጋር አድርገህ አምስት አምስት ደቂቃ አንሳበት፣ ትገረማለህ።

ሚሚ ሸተር (3፡12)
ወንድሜ፣ ልጁ 1200 ድርሃም ነው ያለው። እሱ ካሜራ ብቻውን ከበጀቱ እጥፍ በላይ ነው። ላፕቶፕ ይፈልጋል፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል። ተከታይ ማቆሚያው ደግሞ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው። እናንተ ሰፈር፣ አሜሪካ፣ ሰሜን ኮከብ 39 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይጠብቅሃል። ላንጋኖ 8 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ግራር ይበቃዋል፣ ይሸፍነዋል።

ለጠያቂው፦ እኔ የምለው ያገለገለ ኒከን ዲ5300 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል። ጨለማውን ስታበራው ብዙ አይበላሽም። 600ዲ ግን ጥላው ውስጥ መስመር መስመር ያለ ነጠብጣብ ያወጣል፣ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ። ዲ5300 ላይ በመረጥከው ሰከንድ ልዩነት ራሱ እየደጋገመ የሚያነሳበት ሜኑ አብሮት አለ። ዲ3300 ርካሽ ነው ብለው እንዳያታልሉህ፤ ያ ሜኑ የለውም። ሶኒ ኤ6000ም ጥሩ ነው፣ ባትሪው ግን ትንሽ ስለሆነ ሌሊቱን አያደርስህም።

ላጲስ (3፡15)
ላጲሱን ሞከርከው?

ሌሊት ወፍ (3፡33)
ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። የምትፈልገውን ፎቶ በምንም ካሜራ አታገኘውም፣ በሚሊዮን ብር ብትገዛም። ፍኖተ ሐሊብ ላይ ያ ደማቁ ክፍል የሚገኘው ሳጂታሪየስ የሚባለው የኮከብ ስብስብ አካባቢ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ እዚያው ሰፈር ናት። አብሯት ይወጣል፣ አብሯት ይጠልቃል። ከየካቲት ጀምሮ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተህ ጠብቀው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሞልቶ ታየዋለህ፣ ከዚያ ክረምቱ ይመጣና ደመናው ይወስደዋል። ኢንተርኔት ላይ ያየኸው ፎቶ በታኅሣሥ የተነሳ አይደለም።

እሁድ የምታነሳው ሌላ ነገር ነው። ተወርዋሪዎቹ፣ ኦርዮን፣ ሲርየስ። ጨረቃዋ ገና ጨቅላ ናት፣ ከማታው 5 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። የጀሚኒድ መነሻ (ተወርዋሪዎቹ ከዚያ የሚመጡ የሚመስሉበት ቦታ) ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ የሚታየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ያኔ ነው የሚበዛው። ለዚህ የሚያስፈልግህ ሰፊ ሌንስና ትዕግሥት ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ሌንሱን ሙሉ ከፍተህ፣ 15 ሰከንድ፣ በሮው (ባልተጨመቀው የፎቶ ፋይል)። ለምን 15 ብትል፣ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ቁጥርና ለ1.6 (የካሜራህ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ) ስታካፍል በ18 ላይ 17 ገደማ ይመጣል። ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ሰረዝ ይሆናል። ካሜራውን ወደ አንድ አቅጣጫ አቁመህ ሳታቋርጥ አንሳ። ተወርዋሪ ኮከብ አይቶ ካሜራ የሚያዞር ሰው ሁልጊዜ ያመልጠዋል።

ኮከብ ቆጣሪው (3፡41)
ታኅሣሥ ላይ የለም?? ለሰው ሁሉ ፎቶውን አሳይቼ ነው እኮ ብር ያሰባሰብኩት።

ሳቅ በሳቅ (3፡42)
ትራንስፖርቱን መልስላቸው።

ፒክስል አለኝ (3፡50)
ካሜራ ምን ያደርግልሃል? ጉግል ፒክስል ስልክ ላይ የኮከብ ሞድ አለ። ከፒክስል 4 ጀምሮ ነው። ስታንድ ላይ አስቀምጠህ እስከ 4 ደቂቃ ያነሳልሃል፣ ራሱ ያቀናብረዋል። በ1200 ድርሃም ያገለገለ ስልክ ገዝተህ ትደውልበታለህም።

ጠጋኙ (4፡02)
ቦዲው አልሞተም። ኢረር 01 ቦዲና ሌንስ አልተግባቡም ማለት ነው። ሌንሱን ነቅለህ ባዶውን አንሳ። ካነሳ ቦዲህ ጤነኛ ነው። ከዚያ ሌንሱን ግጠም፣ 18 ላይ አድርግ፣ በኤም ሞድ፣ ኤፍ 3.5 ላይ አድርገህ አንሳ። 18-55 ላይ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ዳያፍራሙን (የሌንሱን አፍ የሚያጠበውን) የሚያዝዘው ስስ ፍላት ኬብል ነው። ዳያፍራሙ ካልተንቀሳቀሰ ኢረር አይሰጥም። ለኮከብ ደግሞ ከ3.5 ሌላ አትፈልግም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (4፡06)
ፒክስል ያልከው ወንድሜ፣ ስልክ ከካሜራ ጋር ይወዳደራል እያልክ ነው? ሴንሰሩ እኮ ጥፍር አያክልም።

ፒክስል አለኝ (4፡09)
ስልኬ ግን ኢረር 01 ብሎ አያውቅም።

ዱባይ ነኝ (4፡20)
አማችህ ዴይራ አካባቢ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጡ ሱቆች ያገኛል። አደራ በል፦ መጀመሪያ ክዳኑን ዘግቶ 30 ሰከንድ ያንሳና ያጉላው። ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ጥቂት ቢታይ ችግር የለም፣ ሰማይ ጠቀስ ከተማ ከመሰለ ይመልሰው። የኒከን ከሆነ ሸተሩ (ስታነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፣ ባለሱቁ «ትንሽ ነው» ቢለው አይስማው። ቻርጀሩ ኦርጅናል መሆኑን ይይ። እኔ አንድ ጊዜ ካርቶኑ አዲስ፣ ውስጡ የሰርግ ቪዲዮ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ ገዝቻለሁ። 11 ወር አገለገለኝ።

ላጲስ (4፡25)
ላጲስ።

ኮከብ ቆጣሪው (ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡10)
ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ላጲሱን ሞከርኩት፣ አልሠራም። ከዚያ የጠጋኙን መልእክት አየሁት። ሌንሱን ነቅዬ አነሳሁ። ቀጭ አለ! ሌንሱን ገጥሜ 3.5 ላይ አነሳሁ። ቀጭ! 4 ላይ ሳደርገው ኢረር 01። 8 ላይ ኢረር። 3.5 ስመልሰው ቀጭ። ጠጋኙ፣ እጅህ ይባረክ። አሁን ታዲያ ለአማቼ ምን ልበለው?

ጠጋኙ (1፡31)
ሌንስ ብቻ ያምጣ። ሳምያንግ 14 ኤፍ 2.8፣ የካነን መግጠሚያ ያለው። ፎከሱም ዳያፍራሙም በእጅ የሚዞረውን ይምረጥ። ከቦዲው ጋር ስለማይነጋገር አይጣላም።

ሚሚ ሸተር (1፡44)
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ሌንሱ ይሻላል። እሱ 14 ስለሆነ ሰከንዱንም ወደ 20 ማድረስ ትችላለህ። ስለ 600ዲ ነጠብጣብ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። ስታንዱን ሳትነካ ተመሳሳይ 20 ፎቶ አንሳና ሴኳተር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደራርባቸው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ሐይቁንና ዛፉን ሳያንቀሳቅስ ሰማዩን ብቻ ያጠራዋል። ሁለተኛ ባትሪ ተዋስ። ሳይቋረጥ እንዲያነሳ መቆለፊያ ያለው ሪሞት ገመድ ግዛ፣ የዚህ ካሜራ ሶኬት ባለ 2.5 ሚሊሜትሩ ነው። ሌንሱ ላይ ጤዛ ይወርዳል፣ ሐይቅ ዳር ነህ። በየግማሽ ሰዓቱ በባትሪ መብራት እየው፣ ግን መሬት መሬቱን አብራ፣ ሰው ይሰድብሃል።

ጋሽ ዜኒት (2፡05)
ለሌንስ አውጣው ብዬ ነበር። ማን ይሰማል።

ኮከብ ቆጣሪው (3፡20)
አማቼ ስልክ አያነሳም። «ሶኒ አገኘሁ፣ በጣም ቆንጆ፣ ነጭ ቀለም» የሚል ቴክስት ልኮልኛል። ነጭ ቀለም ምንድነው??

ሳቅ በሳቅ (3፡22)
ለሰርግ ነው።

ዱባይ ነኝ (3፡40)
ሳይከፍል ደውልለት። ዴይራ ገብቶ «ቆንጆ» ያለ ሰው ዋጋ መከራከር አቁሟል ማለት ነው።

ሌሊት ወፍ (ሰኞ፣ ረፋድ 4፡30)
እንዴት ሆነ? እኔ ጭሮ ላይ ሆኜ ሳያቸው አድሬያለሁ። ከ8 ሰዓት በኋላ ሰማዩ ሰው እየጠቆመ የሚያስጮህ ነበር። አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ጭራውን ጥሎ አለፈ። አላነሳሁትም፣ ሽሮ እየበላሁ ነበር።

ሚሚ ሸተር (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)
ኮከብ ቆጣሪው፣ ፎቶውስ?

ላጲስ (ዓርብ፣ ቀን 8፡00)
ፎቶ?

አዲስ ገቢ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ ከርዕሱ ውጪ ከሆነ ይቅርታ። ያ 600ዲ ይሸጣል?