ነግሦ ስሙ ያልተጠራለት ቡድን የቱ ነው?

ጣና ዳር፦
ትናንት ማታ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ቆመን የጀመርነው ክርክር መቋጫ ስላላገኘ እዚህ እንጨርሰው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ለዓመታት ሁሉን እየረታ ነግሦ፣ ግን የሚገባውን ክብር ያላገኘ የስፖርት ቡድን የቱ ነው? ሪያል ማድሪድ፣ ቺካጎ ቡልስ የሚል እንዳይመጣ። እነሱን የማያውቅ የለም። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንደበላለቅ።

የኔ መልስ ግብፅ ነው። የአፍሪካ ዋንጫን በ2006፣ በ2008 እና በ2010 በተከታታይ ወሰዱ። ሦስት በተከታታይ የወሰደ ሌላ አገር የለም። ሦስቱንም ጊዜ አሰልጣኙ ሐሰን ሸሃታ ነው። ኮትዲቯር እነ ድሮግባን ይዛ፣ ካሜሩን እነ ኤቶን ይዛ ፍፃሜ ደርሰው በእነሱ ተሸንፈዋል። በ2009 የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ላይ ደግሞ የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ኢጣሊያን 1 ለ 0 አሸነፉ። ታዲያ ለምን አይወራላቸውም? ዓለም ዋንጫ ስላልሄዱ ነው። በ2006 ጀርመን የሉም፣ በ2010 ደቡብ አፍሪካም የሉም። አልጄሪያ በማጣሪያው ሱዳን፣ ኦምዱርማን ላይ በአንድ ጎል አስቀረቻቸው። የአፍሪካን ዋንጫ ሦስቴ ያነሳ ቡድን ዓለም ዋንጫ አልታየም ተብሎ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ ይሄ ያናድደኛል።

አባይ ማዶ፦
ወንድሜ፣ አራት ዓመት ውስጥ የተሰበሰበ ሦስት ዋንጫ ነው የምትነግረን። እኔ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ልንገርህ። የኬንያ ወንዶች በ3000 ሜትር መሰናክል ከ1968 ሜክሲኮ እስከ 2016 ሪዮ ድረስ በተገኙበት ኦሊምፒክ ሁሉ ወርቁን ወስደዋል። 1976 እና 1980 ብቻ የለም፣ እሱም አልተሸነፉም፣ አልሄዱም። ባርሴሎና 1992 ላይ ወርቅም ብርም ነሐስም የእነሱ። አቴንስ 2004 ላይ እንደገና ሦስቱም። ሰው ይቀያየራል፣ አገሩ ግን ያው ነው። ቶኪዮ ላይ ሞሮኳዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ እስኪያቆማቸው ድረስ የነካቸው የለም። የኛ ለሜቻ ግርማ ያን ዕለት ብር ያገኘበት ውድድር ማለት ነው።

እኛ ስለ ኬንያ ማውራት ስለማንወድ ነው እንጂ፣ በየትኛውም ስፖርት እንደዚህ ያለ ነገር አሳዩኝ።

ሽምብጥ፦
መሰናክል የግል ውድድር ነው። ኬንያዊው የመሰናክል ሯጭ ኬምቦይ ሲያሸንፍ ያሸነፈው ኬምቦይ ነው። ጥያቄው ቡድን ነው የሚለው። በዚህ ስሌት ከሄድንማ የ10 ሺህ ሜትራችንንም አምጡት። ከ1993 እስከ 2011 ከተደረጉት አሥር የዓለም ሻምፒዮናዎች ዘጠኙን ወንዶቻችን ወስደዋል፤ ኃይሌ አራት፣ ቀነኒሳ አራት፣ ኢብራሂም ጄይላን አንድ። በመሀል 2001 ላይ ብቻ ኬንያዊው ካማቲ ገባ። ግን ይሄን ማን ቡድን ይለዋል? እና ደግሞ ማነው የማያውቀው?

ክለብ ይምጣ። እኔ ቅዱስ ጊዮርጊስን ልል ነበር፣ ግን አገር ውስጥ የሚያከብረው ሞልቷል፣ ስለዚህ እተወዋለሁ። የጣና ሞገዶቹ ባሕር ዳር ከተማዎች ደግሞ ገና ሊጉን አላነሱም፣ ጊዜያቸው ይመጣል።

ቀበሌ 14፦
ሁላችሁም ስለ ወንዶች ብቻ ነው የጻፋችሁት። ሊዮን ሴቶችን ማን ጠራ? ከ2016 እስከ 2020 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ በተከታታይ ወስደዋል። የፈረንሳይን ሊግ ከ2007 እስከ 2020 አሥራ አራት ጊዜ በተከታታይ። የወንዶች ቡድን ይሄን ቢያደርግ በየባጃጁ ላይ ስሙ ይለጠፍ ነበር።

ሽምብጥ፣ ትናንት በሩ ላይ የቆምክበት ቤት ራሱ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። አንዴ የሴቶቹ ፍፃሜ ሲተላለፍ ገብቼ አየሁ። ወንበሩ በሙሉ ባዶ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ሙዚቃ ተከፍቷል፣ አስተናጋጁ ጠረጴዛ እየወለወለ ነው። ድምፁን ክፈትልኝ ስለው «ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። ያልተከበረ ቡድን ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ።

አገር ውስጥም ንግድ ባንክ ሴቶች አለ። ሊጉን ደጋግሞ ይወስዳል። በ2021 የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ ፍፃሜ ላይ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ ተመላልሶ በ2024 አዲስ አበባ ላይ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ ሄደ። ከዚህ ቡድን ውስጥ የሦስት ተጫዋቾች ስም የሚጠራልኝ አለ? ሎዛ አበራን ብላችሁ ትቆማላችሁ።

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ የሊዮኑን እቀበላለሁ። ከባድ ነው። የንግድ ባንኩ ግን ነገሠ ለማለት አህጉሩን መያዝ አለበት።

ቤዛዊት፦
ልጆች፣ እኔ የቤዛዊት ኮረብታው ሽማግሌ ሁላችሁንም አነበብኩ። ሽምብጥ ሩጫ ቡድን አይደለም ስላለ ነው የምጽፈው። አገር አቋራጭ ቡድን ነው፣ ያውም ከኳስ የባሰ ቡድን።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በወንዶቹ አንድ አገር ዘጠኝ ሰው ያስሮጣል፣ ቀድመው የገቡት ስድስቱ ይቆጠሩለታል። የስድስቱ ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰው አገር ያሸንፋል። አንደኛ የወጣ ሰው ቢኖርህ ስድስተኛው ሰውህ ሰባኛ ከወጣ አለቀልህ። ስለዚህ ዋንጫው ያለው ካሜራ የማያሳየው ሰው እጅ ላይ ነው። አሸናፊው ተቃቅፎ ፎቶ ሲነሳ፣ ያ ሰው ገና ጭቃ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰው ቢያልፍ ነጥብ ነው፣ ሁለት ሰው ቢያልፈው ዕዳ ነው፣ ማንም ደግሞ አያየውም።

ኢትዮጵያ በ1981 ማድሪድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳተፈች። ልጆቻችን የዙሩ ቁጥር ተምታቶባቸው አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ተፈተለኩ። ደወሉ ተደውሎ ውድድሩ ቀጠለ፣ ጉልበታቸውን ጨርሰው ነበር። እንደዚያም ሆኖ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ገባ፣ በቡድን ደግሞ አንደኛ ወጣን። በ1982 ሮም ላይ መሐመድ ራሱ አሸነፈ፣ ቡድኑም አሸነፈ። በ1983 ጌትስሄድ ላይ በቀለ ደበሌ ፖርቱጋላዊውን ካርሎስ ሎፔዝን መጨረሻው መስመር ላይ ቀደመው። ያ ሎፔዝ በዓመቱ የሎስ አንጀለስ ማራቶንን ወርቅ የወሰደው ሰውዬ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። በ1984 እና በ1985 አንደኛ የወጣው ሎፔዝ ነው። ዋንጫው ግን የኛ። የዓለም ምርጥ ሯጭ ሌላ አገር ሆኖ፣ የዓለም ምርጥ ቡድን እኛ ዘንድ ነበር። አምስት ዓመት በተከታታይ። ይሄ ቡድን ካልሆነ ቡድን ምንድን ነው?

እና ምን ሆኑ? ሎስ አንጀለስ 1984 አገራችን አልሄደችም። ሴኡል 1988ም አልሄደችም። ኦሊምፒክ ላይ ያልታየ ሯጭ ደግሞ እኛ አገር አይታወስም። ከምሩጽ ወደ ደራርቱና ኃይሌ ዘለን ነው የምናወራው፣ መሀሉ ላይ ሰው ያልነበረ ይመስል። ያኔ እኛ በሬዲዮ ነው የሰማነው፣ የቀረጸልንም የለም።

አባይ ማዶ፦
ጋሼ፣ አክብሬ ልከራከርዎት። ከዚያ በኋላ እኮ ኬንያ ከ1986 እስከ 2003 አሥራ ስምንት ጊዜ በተከታታይ በቡድን አሸነፈች። በዚያው ውድድር። አምስቱ ለአሥራ ስምንቱ ምን መልስ አለው?

ቤዛዊት፦
ልጄ፣ ትልቁ ማነው ብትለኝ ኬንያ እልሃለሁ፣ አልዋሽህም። ጥያቄው ግን ያ አይደለም። የኬንያን አሥራ ስምንት ድል የሩጫ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፣ አንተም ሳትፈልግ ተናገርከው። የኛን አምስት ግን እዚህ ከተጻፈው በፊት ስንታችሁ ሰምታችሁ ነበር? ክብር ያጣ የተባለው በሠራውና በተነገረለት መካከል ያለው ልዩነት ከሆነ፣ ከእነዚህ የባሰ የለም። የበቀለ ደበሌን ስም በዚህ ከተማ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡትን ልጆች ጠይቃቸው።

ሽምብጥ፦
የስድስቱ ሰው ደንብ አሳምኖኛል፣ ቡድን ነው። ግን ጋሼ፣ ኦሊምፒክ ስላልሄዱ ነው የተረሱት የሚለው ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም። የ2004 እና የ2005 የአገር አቋራጭ ቡድናችንስ? የኬንያን አሥራ ስምንት ዓመት የሰበረው እሱ ነው። ቀነኒሳ አቴንስ ወርቅ ወስዷል፣ ካሜራም ነበር፣ ሁሉም ነበር። ስለዚያ ቡድን ስናወራ ግን ቀነኒሳ አሸነፈ ብቻ ነው የምንለው። ሌሎቹን እኔም አልጠራም፣ እናንተም አትጠሩም። ችግሩ እኛ ራሳችን የምናየው አንደኛውን ብቻ መሆኑ ይመስለኛል።

ቀበሌ 14፦
ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው የምለው ምንድን ነው? በ2005 ሄልሲንኪ ላይ በሴቶች 5000 ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ፣ መሰለች መልካሙ። አራተኛዋ በዓለም አራተኛ ወጥታ ሜዳሊያ የላትም፣ ከፊቷ ያሉት ሦስቱም የአገሯ ልጆች ናቸው። ጋሼ፣ የስድስተኛውን ሰው ክብር ካነሱ አይቀር መሰለችንም ያንሱልኝ።

ቤዛዊት፦
አነሳኋት። እሷን ከነ መሐመድ ከድር ጎን አስቀምጫለሁ። አባይ ማዶ፣ አንተ ደግሞ የት ነው የምታስቀምጣቸው?

አባይ ማዶ፦
ሁለተኛ። መሰናክሉን አልለቅም።